34 ፐርሰንት እያለ የሚጠፋ ላፕቶፕ፦ የባትሪ ቁጥር ሲዋሽ ምን ይደረጋል?

ባለፈው ክረምት ነው። ጅማ፣ ቆጪ፣ እህቴ ቤት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ መብራት ሄደ። የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን እያስተካከለ ነበር። «አጎቴ፣ ችግር የለም፤ ገና 34 ፐርሰንት አለኝ» አለኝ። አፉን ሳይዘጋ ስክሪኑ ድርግም አለ። ሴቭ ያላደረገው አንድ ገጽ ተኩልም አብሮ ሄደ።

በማግስቱ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። «ፎርማት ይፈልጋል» አሉት። ፎርማት ተደረገ፣ ተከፈለ፣ ላፕቶፑ ቤት ገባ። ማታ 31 ላይ ጠፋ። ፎርማት እኛ ዘንድ እንደ ዳማከሴ ነው፤ በሽታው ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ እሱ ይታዘዛል። የባትሪ ቁጥር ግን ዊንዶውስ ውስጥ አይደለም የሚሠራው። ዊንዶውስ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ታዲያ ማነው የሚነግረው?

ጀበናውና ቆጣሪዋ

እህቴ ቡና ስትቀዳ ጀበናው ውስጥ ስንት እንደቀረ በዓይኗ አይታ አይደለም የምታውቀው። ጀበና ውስጡን አያሳይም። ስንት ሲኒ እንደሚወጣው በልምድ ታውቃለች፣ የቀዳችውን ትቆጥራለች፣ የቀረውን ትገምታለች። የላፕቶፕ ባትሪም እንዲሁ ነው። ባትሪው ራሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየቆጠረች ቀሪውን ትገምታለች። ከስክሪኑ ጥግ የምታዩት ፐርሰንት የእሷ ግምት ነው።

አሁን ጀበናው ድሮ 12 ሲኒ ይወጣው ነበር እንበል። ከጊዜ ብዛት ታቹ ላይ ዝቃጭ ጋገረና ዛሬ የሚወጣው 8 ብቻ ነው። ቀጂዋ ይህን አላወቀችም። 8 ከቀዳች በኋላ «ገና አራት አለ» ትላለች። አራት ከ12 ስንት ነው? 33 ፐርሰንት። ጀበናው ግን ባዶ ነው። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

«ቺፗ ቮልቴጁን ለክታ ለምን አታውቅም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ የሊቲየም አዮን ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሲያልቅ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። ችግሩ መሃሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3.7 አካባቢ ያንዣብባል። 60 ላይ ሁኑ 40 ላይ፣ የቮልቴጁ ልዩነት ትንሽ ነው። ከባድ ሥራ ስትከፍቱበት ደግሞ ለጊዜው ዝቅ ይላል፣ ሲቀልለት መልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቺፗ እርግጠኛ የምትሆነው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፦ ሙሉ ሲሆንና ሲያልቅ። ላፕቶፑ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ከዋለ ታችኛውን ጫፍ ለወራት አታየውም። ግምቷ ቀስ በቀስ እየሳተ ይሄዳል።

ከዚህ በታች የምንሠራው ነገር ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ ስህተቱ የቆጣሪዋ ነው ወይስ ባትሪው ራሱ ደክሟል የሚለውን መለየት። የመጀመሪያው በነፃ ይስተካከላል። ሁለተኛውን ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያድነውም።

ከሁሉ በፊት፦ አብጧል ወይ?

ላፕቶፑን ዝጉና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ይወዛወዛል? የመዳፊት ሰሌዳው ወደ ላይ ተነስቷል ወይም አልጫን ብሏል? ኪቦርዱ መሃል ላይ ጎብጧል? እንዲህ ከሆነ ባትሪው አብጧል። ይህን መመሪያ እዚሁ አቁሙ። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ «አየሩን ላስወጣለት» ብላችሁ በመርፌ እንዳትወጉት። እሳት ነው የሚሆነው። አጥፍታችሁ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ጋር ውሰዱት።

ደረጃ 1፦ ውሸቱ ምን ዓይነት ነው?

ሁሉም ውሸት አንድ አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ጸባዩን ታዘቡት፤ ወረቀት ላይ ብትጽፉት ደግሞ የተሻለ።

ከ40 በአንዴ ወደ 7 ወርዶ፣ ከዚያ 7 ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት የሚያሠራችሁ ከሆነ ስህተቱ የቆጠራ ነው። 100 ላይ ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ከዚያ እንደ ድንጋይ የሚወርደውም እንዲሁ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ይስተካከላሉ።

ጽሑፍ ስትጽፉ ደህና ቆይቶ፣ ቪዲዮ ስትከፍቱ ወይም ከባድ ፕሮግራም ስታስነሱ 30 ላይ ድንገት የሚጠፋው ሌላ ነው። ስታበሩት ተመልሶ ይነሳል፣ አሁንም 29 ምናምን ይላል። ይህ የደከመ ሴል ምልክት ነው። ውስጡ ትንሽ ኃይል ቢኖርም በአንዴ ብዙ ሲጠየቅ መስጠት ያቅተዋል፤ ቮልቴጁ ከገደብ በታች ይወርድና ይቆረጣል። ለዚህ ገንዘብ አዘጋጁ።

60 ወይም 80 ላይ ደርሶ አልሞላም የሚለውስ? ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ሌኖቮ ላይ «ኮንሰርቬሽን ሞድ»፣ አሱስ ላይ «ባተሪ ኬር» የሚባል፣ ዴልና ኤችፒም የራሳቸው ዓይነት አላቸው። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ሆን ብለው ያቆሙታል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት አብርቶት ሊሆን ይችላል። የኩባንያውን የራሱን ፕሮግራም ከፍታችሁ አጥፉት፣ በቃ።

«ተሰክቷል፣ ግን ቻርጅ አያደርግም» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቻርጀር ጉዳይ ነው። ዴል ላይ የቻርጀሩ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለይባት ናት። እሷ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ኮፒ ከሆነ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ባለ ታይፕ ሲ ላፕቶፕ ላይ የስልክ ቻርጀር የሚሰኩም አሉ። ዋቱ ስለማይበቃ ተሰክቶም እየቀነሰ ይሄዳል። ባትሪውን ከመክሰሳችሁ በፊት ትክክለኛ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ።

«1 ሰዓት ከ20 ቀረህ» ብሎ ወዲያው «3 ሰዓት» የሚለውን የጊዜ ግምት ግን እርሱት። እሱ አሁን በምትጠቀሙት ልክ የሚሰላ ነው፤ ስክሪኑን ስታደበዝዙ እንኳ ይለወጣል።

ደረጃ 2፦ ሪፖርቱን ማውጣት

ዊንዶውስ ላይ የባትሪውን ታሪክ የሚያሳይ ሪፖርት አለ፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። ለእህቴ ልጅ በስልክ እንዲህ ብዬ ነው ያጻፍኩት፦

«ስታርት ላይ ሲ ኤም ዲ ብለህ ጻፍ፤ የሚመጣውን ጥቁር መስኮት ክፈት። አሁን ፓወር የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍ። ክፍተት ሳትተው ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ጨምርበት። አሁን አንድ ክፍተት። ቀጥሎ ስላሽ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመችዋ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለችው። ከስላሿ ጋር አጣብቀህ ባተሪ፣ ከሱ ጋር አጣብቀህ ሪፖርት። ኢንተር።»

መጀመሪያ አልሠራለትም። ባተሪንና ሪፖርትን ለያይቷቸው ነበር። ሁለተኛው ላይ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚናገር መስመር መጣ። ያንን ፋይል ፈልጋችሁ ብትከፍቱት በብራውዘር ይከፈታል።

ሪፖርቱ ረጅም ነው፤ አትደንግጡ። ከላይ አካባቢ ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ቺፗ ዛሬ ይይዛል ብላ የምታምነው ነው። «ሳይክል ካውንት» ስንት ጊዜ ሙሉ ዙር እንደሠራ ነው፤ ሁሉም ባትሪ ግን ይህን አይናገርም።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ዲዛይኑ 45,000፣ ፉል ቻርጁ 26,100 ሚሊዋት ሰዓት ይል ነበር። ይህ 58 ፐርሰንት ነው። ደክሟል፣ ግን አልሞተም የሚያሰኝ ቁጥር። ነገር ግን እንቁጠር። ከ100 ተነስቶ 34 ላይ ጠፋ። የሰጠው 66 ፐርሰንቱን ብቻ ነው ማለት ነው። የ26,100ን 66 ፐርሰንት ስታሰሉ 17,226 ይመጣል። ቺፗ 26,100 ትላለች፣ ባትሪው የሚሰጠው ግን 17 ሺህ ገደማ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ቦታ ተገኘ ማለት ነው፦ የደከመ ባትሪ፣ ድካሙን ያላወቀች ቆጣሪ።

እናንተም ይህን ሒሳብ ሥሩ። ድንገት የጠፋበትን ቁጥር ከ100 ቀንሱ፣ በፉል ቻርጁ አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ። የሚመጣው የባትሪያችሁ እውነተኛ አቅም ግምት ነው።

ማክ ያላችሁ የአፕል ምልክቱን የኦፕሽን ቁልፍ ይዛችሁ ተጫኑና ወደ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ግቡ፤ ፓወር በሚለው ሥር ሳይክሉና ሁኔታው ተጽፏል። ኡቡንቱ ላይ ፓወር ስታቲስቲክስ የሚባለው ፕሮግራም ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲዛይኑና ፉል ቻርጁ አንድ ዓይነት ሆነው ከወራት በኋላም ንቅንቅ ካላሉ ደስ አይበላችሁ። እኔ እንዲህ ያለውን የማየው ርካሽ ኮፒ ባትሪ ላይ ነው። ቺፗ የተሞላላትን ቁጥር ትደግማለች እንጂ አትማርም።

ደረጃ 3፦ ቀላሉን መጀመሪያ

ካሊብሬሽን፣ ማለትም ቺፗ የባትሪውን አቅም እንደገና እንድትማር ማድረግ፣ አንድ ቀን ይወስዳል። ከሱ በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስዱ ሁለት ነገሮች ሞክሩ።

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ አውጡት። የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። መልሳችሁ ገጥማችሁ አብሩት። ባትሪውን የሚያስተዳድረውን የቦርዱን ክፍል እንቅልፉን ያባርርለታል።

ሁለተኛው፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ባተሪስ የሚለውን ክፈቱ። ስሙ ማይክሮሶፍት ብሎ የሚጀምርና ኤሲፒአይ የሚል ያለበትን መስመር አንኢንስቶል አድርጉና ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ግማሹን ጊዜ ምንም አይለውጥም፤ ግን አይጎዳም።

ባዮስን (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን ፕሮግራም) አፕዴት አድርጉ የሚል ምክርም ታገኛላችሁ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ የባትሪ ንባብን ያስተካክላል። ግን አስቡት፦ ባትሪያችሁ የማይታመን፣ መብራቱም የማይታመን። አፕዴቱ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ላፕቶፑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። እኔ ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ይህን አላደርግም።

ደረጃ 4፦ ካሊብሬሽን

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቺፗን ሁለቱንም ጫፍ እናሳያታለን። ላፕቶፑን የማትፈልጉበት ቀን ምረጡ። ቅዳሜ ማታ ጀምሮ እሁድ መጨረስ ይመቻል።

በመጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ይህን አትዝለሉት፤ ድንገት እንዲጠፋ ነው የምትፈቅዱለት።

እስከ 100 ሙሉት። 100 ካለ በኋላም ቻርጀሩን ሳትነቅሉ ሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። ባትሪው ይረጋል፣ ይቀዘቅዛል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። የጅማ አየር ለባትሪ ተስማሚ ነው፤ የሚያሞቀው የኛ ፍራሽ ነው። የ80 ገደቡን ማጥፋታችሁንም አረጋግጡ፤ አለዚያ ቺፗ ላይኛውን ጫፍ አታየውም።

ቀጥሎ ኃይል ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ በባትሪ ሲሠራ ስክሪኑም ላፕቶፑም እንዳይተኛ አድርጉ። በአድቫንስድ ሴቲንግ ውስጥ «ክሪቲካል ባተሪ» የሚለውን 5 ፐርሰንት፣ ድርጊቱን ደግሞ «ሃይበርኔት» (ሥራውን ሴቭ አድርጎ መተኛት) አድርጉት። ዋይፋዩን አጥፉ፤ መሃል ላይ የዊንዶውስ አፕዴት ቢጀምር ጉድ ነው።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ቀለል ያለ ነገር ክፈቱበት፣ የተጫነ ፊልም ወይም ጽሑፍ። እስኪጠፋ ድረስ ተዉት። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፤ 15 ሲደርስ ያሳዝነውና ይሰካዋል። አትሰኩት። መሃል ላይ ከሰካችሁት ቺፗ ያንን ዙር አትቆጥረውም፤ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምሩት።

የእናንተም እንደኛው 30 ላይ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ባዮስ ውስጥ ግቡና በሴቲንጉ ገጽ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ዊንዶውስ ስላልተነሳ የሚበላሽ ፋይል የለም። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። የእህቴ ልጅ «ምንም አይሠራም እኮ» እያለ ሁለት ጊዜ ሊዘጋው ሞከረ። ባይሠራም ባትሪ ይበላል፣ ዋናው እሱ ነው።

ከጠፋ በኋላ ወዲያው አትሰኩት። አምስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ይረፍ። በዚህ ጊዜ የሴሎቹ ቮልቴጅ ይረጋና ቺፗ ታችኛውን ጫፍ በትክክል ታነባለች። ከአምስት ሰዓት ወደ አምስት ቀን ግን አይሂድ። ሊቲየም ባትሪ ባዶውን መሰንበት አይወድም።

አሁን እስከ 100 ሙሉት። እዚህ ጋ የጅማ ነገር ይመጣል፤ መብራት ቢሄድስ? ስለዚህ ላፕቶፑን ሳታበሩ፣ እንደጠፋ ነው የምትሞሉት። መብራት ቢሄድ መሙላቱ ይቆማል እንጂ ባትሪው አይወርድም። ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በርቶ ከሆነ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲመጣ ይሞላል፣ ቆጠራው ሁሉ ይበጣጠሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ስለሚመጣ ስታብላይዘር ካላችሁ በሱ በኩል ይሁን። ከሌላችሁ ሲሄድ ንቀሉት፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ስኩት።

የኤችፒ ላፕቶፕ ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሲነሳ ኤፍ 2ን ተጫኑ። የራሱ የምርመራ ገጽ ውስጥ የባትሪ ፍተሻ አለው። አንዳንድ ቲንክፓዶችም በሌኖቮ ቫንቴጅ ውስጥ ቆጣሪውን ዳግም የሚያስጀምር ቁልፍ አላቸው። እነዚህ ካሉ በእጅ ከመልፋት ይሻላሉ። አዳዲስ ማክቡኮች ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋቸውም፣ በራሳቸው ነው የሚማሩት።

ደረጃ 5፦ ሪፖርቱን እንደገና ማየት

እሁድ ማታ ሪፖርቱን በድጋሚ አወጣን። የእህቴ ልጅ ፊቱ ወደቀ። 26,100 የነበረው ፉል ቻርጅ 17,400 ሆኗል። «አጎቴ፣ አባስከው!» አለኝ።

አላባስኩትም። ከላይ በሒሳብ 17,226 አግኝተን አልነበር? ቺፗ አሁን እውነቱን አወቀች። ካሊብሬሽን ባትሪ አያድስም። አንድ ደቂቃ አይጨምርም። በፊትም ይሠራ የነበረው ለዚያው ያህል ጊዜ ነው። ልዩነቱ አሁን 34 ሲል 34 አለው፤ 5 ላይ ሲደርስ ራሱ ሥራውን ሴቭ አድርጎ ይተኛል። ለተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሊልም ይችላል። 7 ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ሲያሠራ የነበረው ዓይነት ከሆነ ቺፗ አሳንሳ ነበር የምትገምተው።

ካሊብሬሽኑን በየሳምንቱ አትደጋግሙት። ሙሉ ዙር በሠራ ቁጥር ዕድሜው ይቆረጣል። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ዙር ሲደርስ በደንብ መድከም ይጀምራል። ቁጥሩ ሲዋሽ ብቻ፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ወር አንዴ ይበቃል።

ካልሆነስ?

ካሊብሬሽኑን ሠርታችሁ አሁንም 25 ላይ ድንገት ከጠፋ፣ ሴል ነው የደከመው። አዲስ ባትሪ እስክታገኙ ድረስ ግን አንድ ማምለጫ አለ። ያው አድቫንስድ ሴቲንግ ውስጥ «ክሪቲካል ባተሪ»ን ከ5 ወደ 30 ከፍ አድርጉት፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ 40። ላፕቶፑ ሳይሞት በፊት ራሱ ይተኛል። የሚጠፋበትን ቁጥር ታውቃላችሁ፣ እሱን በአምስት መቅደም ነው።

ባትሪ ስትገዙ የላፕቶፑን ሳይሆን የባትሪውን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባው ላይ አለ፤ ፎቶ አንሱት። ቮልቱ ከድሮው ጋር መግጠም አለበት። «ይሄኛው ይበልጣል» ብለው ከድሮው እጥፍ የተጻፈበት፣ ክብደቱ ግን አንድ ዓይነት የሆነ ባትሪ ካሳዩአችሁ ወረቀቱ ነው የሚበልጠው። እንደገጠማችሁ ከሱቁ ሳትወጡ ሪፖርቱን አውጡ። ሳይክሉ ከፍ ብሎ ከመጣ አዲስ አይደለም፤ እዚያው መልሱ።

የእህቴ ልጅ ባትሪውን የቀየረው ጽሑፉን ካስረከበ በኋላ ነው። እስከዚያ በ17,400ው ጨረሰ፤ ከ20 ሲወርድ ሴቭ እያደረገ። አዲሱን ከገጠመ በኋላ አንድ ጊዜ ካሊብሬሽን ሠርቶ ሪፖርቱን ላከልኝ። ፋይሉን «ጀበና» ብሎ ሰይሞታል።